ኦ ክፍል አንደኛ ክፍል አይደለም

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር አገር ተንጫጫ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን አቅም፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ብዙ ተባለ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ትልቅ ነገር ይዞ መጣ፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በመደበኛው ሥርዓት ውስጥ ቦታ ተሰጠው። ስለዚህኛው ግን ያን ያህል የተነጋገረ የለም። ልጁ ስንት ዓመት ሲሞላው እንደሚመዘገብ የጠየቀ ወላጅ ሞልቷል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልጁ ምን ሲያደርግ ይውላል ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማየት ይጠቅማል። የ1986ቱ ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ዓላማውም የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት እንደሆነ ጽፏል። ሥራው ግን በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለቤተ እምነትና ለእርዳታ ድርጅቶች ተተወ። መክፈል የሚችለው ያለው ደግሞ ከተማ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በ20 የአገሪቱ አካባቢዎች 3 ሺህ ገደማ ልጆችን ሲከታተል የቆየው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘው ጥናት የገለጠው ይህንኑ ነው፤ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መዋዕለ ሕፃናት ገብተዋል፣ ከገጠሮቹ ግን የገቡት ከመቶ አምስት አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተለይቶ «ኦ ክፍል» ተባለ፤ አንዳንዱ ዜሮ ክፍል ይለዋል። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል የተመረጡ ልጆች የሰፈራቸውን ታናናሾች እያጫወቱ ለትምህርት የሚያዘጋጁበት «ልጅ ለልጅ» የተባለ አሠራርም ተጀመረ። ቀድሞ ከ10 በመቶ በታች የነበረው የቅድመ አንደኛ ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ።

ይህን ስኬት ማጣጣል አይገባም። ሌላ አገር ትውልድ የፈጀበትን ኢትዮጵያ በአንድ ዐሥርት ውስጥ ሠርታዋለች። ግን ክፍሉ ከየት ተገኘ? ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ። ዴስኩም ጥቁር ሰሌዳውም እዚያው የነበረ ነው፤ መምህርቷም ወይ ከአንደኛ ክፍል የተዛወረች፣ ወይ አጭር ሥልጠና ወስዳ በኮንትራት የተቀጠረች ወጣት ናት። የምታውቀው አንደኛ ክፍልን ነው፤ እሱኑ አስተማረች። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ በእንጨት ትጠቁማለች፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ። ድምፁ ከመንገድ ሲሰማ ደስ ይላል። አንድ ልጅ ብቻውን ተነሥቶ የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚናገርበት ጊዜ ግን ከጠዋት እስከ መውጫ ላይገኝ ይችላል።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ዋና ሥራው ሌላ ነው። እቃቃ የሚጫወቱ ልጆችን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ቆርኪው ስኒ ይሆናል፣ አፈሩ ዱቄት ይሆናል፣ አንዷ እናት ሌላው አባት ይሆናሉ፤ የሁሉም ታናሽ የሆነው ባይወደውም ሕፃን ተደርጎ ይተኛል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ማን ምን እንደሚሆን ረጅም ድርድር አለ፤ ብዙ ጊዜ ድርድሩ ከጨዋታው ይረዝማል። እንግዳ የሆነችው ልጅ ቡናው እስኪፈላ መቀመጥ አለባት። መሮጥ ቢያምራትም እንግዳ አይሮጥምና ትቀመጣለች። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባቀረበው ንግግሩ ያተኮረው እዚህ ላይ ነበር፤ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ማንም ሳያስገድደው ፍላጎቱን ለደንብ ያስገዛል፣ ከጨዋታ ውጭ ሊያደርገው የማይችለውን በጨዋታ ውስጥ ያደርጋል። ቆርኪውን ስኒ ብሎ መቀበልም ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያልገባው ልጅ «በ» የምትባለው ቅርጽ የድምፅ ምልክት መሆኗን ሊገባው አይችልም።

ኩኩሉን እንውሰድ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠይቃል፣ ተደባቂዎቹ አልነጋም እያሉ ያቆዩታል፤ እስኪነጋ ዓይኑን መግለጥ አይፈቀድለትም። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ በጣቶቹ መሃል ያያል፤ አምስት ዓመት የሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አያይም። በመሃሉ ያለው የሁለት ዓመት ልዩነት ዛሬ ተመራማሪዎች በብዙ ሙከራ የሚለኩት ራስን የመግዛት ችሎታ ነው፤ ደንብን በልብ ይዞ መቆየት፣ የመጣን ግፊት መግታት፣ ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ መለወጥ። መሀረቤን ያያችሁ ደግሞ አንድ እርከን ከፍ ይላል። ክብ ሠርተው የተቀመጡት ልጆች መሀረቡ ከማን ጀርባ እንደወደቀ ያዩታል፤ ፊታቸው ግን ምንም መናገር የለበትም። እኔ የማውቀውን ጓደኛዬ አያውቅም፣ በፊቴ ግን ሊያውቅ ይችላል ብሎ ማሰብ ይጠይቃል።

ይህ ችሎታ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሄንዝ ዊመርና ጆሴፍ ፐርነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለልጆች ስለ ማክሲ አወሩላቸው። ማክሲ ቸኮሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እሱ በሌለበት እናቱ ቦታውን ትለውጠዋለች። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትንንሾቹ ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቦታ ያሳያሉ፤ እነሱ የሚያውቁትን ማክሲም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከአራት ዓመት ወዲያ ግን ማክሲ ተሳስቶ መጀመሪያ ያስቀመጠበት ቦታ እንደሚሄድ እየገባቸው ይመጣል። የልጅ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ውሸትም የምትመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ስኳሩን ቅሞ አፉን ሳይጠርግ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ልጅ እናቱን ያስደነግጣል፤ ሆኖም ሰው በልቡ ያለው ከእኔ ልብ የተለየ ሊሆን ይችላል የሚለውን ትልቅ ነገር ተረድቷል ማለት ነው። ይሉኝታም፣ ርኅራኄም፣ ሰውን ማስረዳትም የሚቆሙት በዚሁ ግንዛቤ ላይ ነው። ውሸቱ ይታረም፤ የመጣበት ዕድገት ግን ጤና ነው።

ስሜትን በተመለከተ ያለን ልማድ የጨዋታውን ያህል አያኮራም። ልጅ ሲያለቅስ አያ ጅቦ ይጠራበታል። ሲያኮርፍ ይሳቅበታል ወይም ኩርፊያው እስኪወጣለት ይተዋል። ወንድ ከሆነ ወንድ ልጅ አያለቅስም ይባላል። ታናሽ ሲወለድና የእናት ጭን ሲወሰድበት «ሞልቃቃ» ይባላል እንጂ ቀናህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህን ስጽፍ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ይዛ እሳት ላይ ድስት የጣደችን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ አያ ጅቦ ለእሷ ከሁሉ ፈጣኑ ሞግዚት ነው። ልጁም በርግጥ ዝም ይላል። ችግሩ ዝም ያለው ከውጭ በመጣ ፍርሃት መሆኑ ነው። ጅቡ እንደማይመጣ የደረሰበት ቀን፣ ወይም የሚያስፈራው ሰው ከአጠገቡ የሌለበት ቀን፣ ቁጣውን የሚይዝበት ምንም ነገር በእጁ የለም። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ቀንቻለሁ ማለት የሚችል ልጅ ግን ከመማታት በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር አገኘ። ቃሉን የሚያገኘው ደግሞ ትልቅ ሰው ቀድሞ ሲለው ሰምቶ ነው፤ «መኪናህን ስለወሰደብህ ተናደድክ አይደል?» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ለአራት ዓመት ልጅ ትምህርት ናት።

ይህ ከፊደልና ከቁጥር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። አለንጋ ወይም ቁንጥጫ የሚፈራ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቢሆንም ልቡ ያለው መምህርቷ እጅ ላይ ነው። ተራውን መጠበቅ የማይችል ልጅ ጥያቄውን ሰምቶ አይጨርስም። ሲሳሳት የሚሸማቀቅ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ጨዋ ልጅ ማለት በትልቅ ሰው ፊት የማይናገር ልጅ ነው ብለን አሳድገን አንደኛ ክፍል ሲገባ እንዲጠይቅ መጠበቃችንም ይገርማል። ሆድን አልረሳሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች የ37 በመቶዎቹ ቁመት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ነበር። የራበውን ልጅ ራስህን ግዛ ማለት ቀልድ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ የትምህርት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅድመ አንደኛ ትምህርት በጥቅሉ ይጠቅማል የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የሚደገፈው በአሜሪካው የፔሪ ጥናት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1962 እስከ 1967 በሚሺጋን ግዛት ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ከድሀ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ 58ቱ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፣ 65ቱ አልገቡም። የገቡት ልጆች ጠዋት ምን እንደሚሠሩ ራሳቸው ያቅዳሉ፣ ይሠሩታል፣ በመጨረሻም ምን እንደሆነ ይናገራሉ። መምህራኑ በየሳምንቱ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ከፍ አለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ብልጫው ጠፋ። ነገሩ ከሸፈ ተብሎ ሊዘጋ ሲል ልጆቹ አደጉ። 40 ዓመት ሲሞላቸው የገቡት ካልገቡት ይልቅ ሥራ ያላቸው፣ የተሻለ የሚያገኙ፣ በወንጀል እምብዛም ያልተያዙ ሆነው ተገኙ። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ መረጃውን መርምረው ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሰጡት ከፈተና ውጤት ይልቅ ለጠባይና ለማኅበራዊ ችሎታ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የአንድ ከተማ ነው፤ እንዳለ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ጂንካ አይመጣም።

ከእሱ ጎን ሌላ ጥናት መነበብ አለበት፤ ስለዚህኛው ግን ብዙ አይወራም። እዚያው አሜሪካ የቴነሲ ግዛት ሰፊ የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም አለው። ቦታ ከአመልካች ስላነሰ ልጆች በዕጣ ገቡ፤ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ወደ 3 ሺህ የሚጠጉትን ተከታተሉ። የገቡት በዓመቱ መጨረሻ ፊደልና ቁጥር በማወቅ በለጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ግን ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ዕጣ ካልወጣላቸው ልጆች ያነሰ ነጥብ እንዳመጡና የሥነ ሥርዓት ጥፋትም እንደበዛባቸው አሳየ። ከአጥኚዎቹ አንዷ የሆኑት ዴል ፋራን ሊሆን ይችላል ካሏቸው ምክንያቶች አንዱ ክፍሎቹ የሚመሩበት መንገድ ነው፤ ልጆቹ ቁጭ ብለው መምህር በማዳመጥ፣ በመሰለፍና ዝም በመባል የሚያጠፉት ጊዜ ብዙ፣ መርጠው የሚሠሩበትና የሚነጋገሩበት ጊዜ ግን ትንሽ ነው። እንግዲህ ይህ በሀብታም አገር፣ ዲግሪ ባላቸው መምህራን እጅ፣ ከእኛ እጅግ ባነሰ የልጅ ብዛት የሆነ ነው። ኦ ክፍልን ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የገበያ ነው። በአዲስ አበባ የግል ኬጂ ሦስት ዓመት ሲፈጅ ኖሯል፤ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ። ወላጅ ሲያማርጥ የሚጠይቀው ክፍያውንና እንግሊዝኛውን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቦርሳው ውስጥ አምስት ስድስት ደብተር ይዞ ይወጣል፤ ማታ እናቱ እጁን ይዛ የቤት ሥራውን ትሠራለታለች፣ ሁለቱም እያለቀሱ። ትምህርት ቤቶቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ልጆች ሲጫወቱ የሚውሉበት ኬጂ ወላጅ «ምንም አያስተምሩም» ብሎ ልጁን ያወጣበታል። ለከፈለው ብር የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ደብተር ይታያል፤ ተራ መጠበቅ አይታይም። በእንግሊዝኛው ላይ ያለኝ ቅሬታም ቋንቋውን ከመጥላት አይደለም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ «ለምን?» ብሎ ሰውን የሚያስቸግረው ልጅ ክፍል ውስጥ የቀለማትን ስም በእንግሊዝኛ ብቻ ሲጠራ ይውላል። መጠየቅ የሚችልበትን ቋንቋ በር ላይ አስቀምጦ ይገባል።

ወደ ድሮ እንመለስ ማለቴ አይደለም። የኔታ ዘንድ የገባ ልጅ 33ቱን ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231ዱን ሆሄ፣ ትርጉሙን ሳይጠይቅ በዜማ ይይዝ ነበር፤ ጅራፉም ነበር። ከዚያ ቤት ሊወሰድ የሚገባው ሌላ ነው፤ ዳዊት የደረሰው ለፊደል ቆጣሪው ያስቀጽላል፣ እያንዳንዱም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ሁሉም እኩል ሀ ሁ አይልም። ከታላቁ የሚማር ልጅ ከመምህር የማያገኘውን ያገኛል፤ በልጅ ለልጅ አሠራር ውስጥ የተሞከረውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰፈርም እንደ ድሮው አይደለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሠራተኛ ጋር የሚውል ልጅ እቃቃ አብሮት የሚጫወት የጎረቤት ልጅ ላያገኝ ይችላል፤ በሩ ይቆለፋል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቴሌቪዥንም ለልጅ በቋንቋው ቁም ነገር ሊነግረው እንደሚችል አሳይቷል፤ ቢሆንም ቴሌቪዥን ቆርኪ ቀምቶ አያለቅስም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ጨዋታ ከሰፈር እየወጣ ከሆነ፣ ለብዙ የከተማ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሌላ ልጅ የሚያገኝበት ብቸኛ ቦታ ሆኗል። እዚያም ደርሶ ዴስክ ላይ በዝምታ ከተቀመጠ መቼ ይለማመደዋል?

የገጠሩ ልጅ ችግር ሌላ ነው። ጨዋታና እኩያ ሞልቶታል፤ ጥጃ እየጠበቀ ሲውልም ኃላፊነትን ከከተማው ልጅ ቀድሞ ይማራል። የሚጎድለው መጽሐፍ፣ እርሳስና ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያወጋው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ፊደሉን አንድ ዓመት ቀደም አድርገን እንጀምር ማለት ይቀላል፤ ብዙ ቦታም የተደረገው ያ ነው። ያልተማረበትን መንገድ አንድ ዓመት ማስረዘም ግን ለውጥ አይባልም። ተረት ሰምቶ መልሶ የሚያወራ፣ በእንቆቅልሽ ላይ አገር እየሰጠ የሚከራከር፣ የራሱን ስም ከሌሎች ስሞች መሃል ለይቶ የሚያነሣ ልጅ ፊደል ሲመጣለት የሚያሳርፍበት ቦታ አለው። እነዚህ ነገሮች ገንዘብ አያስወጡም፤ የሚያስወጡት የመምህርቷን ችሎታ ነው።

ሁሉም የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ ሁለቱንም ጥግ ማቆም ማንም ይችላል፤ አጎንብሶ ሁለቱንም ሰምቶ መፍትሔውን ከራሳቸው ማውጣት ሥልጠናም ትዕግሥትም ይፈልጋል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው የልጅ ብዛትም ይወስነዋል። ለዚህ ሥራ የሚመደበው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ሥልጠናው አጭር፣ ክብሩም ትንሽ ነው። ከትንንሽ ልጅ ጋር መዋል የሴት የቤት ሥራ ተቀጥያ ተደርጎ ስለሚታይ ሙያ መሆኑ ገና አልተዋጠልንም። ተቆጣጣሪ ሲመጣም የሚያየው የተመዘገበውን ቁጥር፣ የዴስኩን ብዛትና የተጻፈውን የትምህርት ዕቅድ ነው። ግማሽ ሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጦ ስንት ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ፣ ልጆቹ ራሳቸው የመረጡትን ነገር ለምን ያህል ደቂቃ እንደሠሩ፣ አንዱ ሲያለቅስ ምን እንደተደረገለት ቢመዘግብ ስለ ክፍሉ የበለጠ ያውቅ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ነው።

አዲሱ ፖሊሲ ቦታውን ሰጥቷል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚወስነው ነገር አለ፤ ማን የት ያስተምር? ጎበዟን መምህር ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ አዲሷን ኦ ክፍል ላይ ይመድባል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሲወርድ ወረዳው ይጠራዋል፤ ኦ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳይናገር ቢወጣ ግን እስካሁን የጠየቀው የለም።